ጋሽ ልክነህና የጀማሪዎች ክርክር

እውነተኛ ስማቸው ያለው በሠራተኛ መዝገብ ላይ ብቻ ነው። ሌላው ሰው ሁሉ፣ ከዳይሬክተሩ እስከ ዘበኛው፣ «ጋሽ ልክነህ» ነው የሚላቸው። አዲስ የሚቀጠሩ መምህራን እናት አባት ያወጡላቸው ስም እየመሰላቸው በደብዳቤ ላይ ሳይቀር ይጽፉታል፤ እሳቸውም ደብዳቤውን ተቀብለው አመስግነው ይፈርማሉ።

ስሙ የወጣላቸው ከአፋቸው ከማትጠፋ ቃል ነው። የትምህርት ቤታችንን ላቦራቶሪ ሃያ ስድስት ዓመት ሲጠብቁ ማንም ሰው ምንም ቢላቸው መልሳቸው አንድ ነበር፤ «ልክ ነህ»። ለሴት «ልክ ነሽ»፣ ለትልቅ ሰው «ልክ ነዎት»። የኬሚስትሪው መምህር ይህ አሲድ ከላይኛው መደርደሪያ ይቀመጥ ሲላቸው ልክ ነህ ብለው ይሰቅሉታል፤ የባዮሎጂዋ መምህር መጥታ ከታች ይሁን ስትል ልክ ነሽ ብለው ያወርዱታል። ያ ጠርሙስ የተጓዘውን ያህል እኔ በእድሜዬ አልተጓዝኩም፤ ጂኦግራፊ አስተማሪ ሆኜ።

አንድ ቀን የመስታወት ቱቦ ሲያጥቡ አግኝቻቸው ለምን እንዲህ እንደሆኑ ጠየቅኋቸው።

«ልጅ ሳለሁ» አሉኝ፣ «አባቴና እናቴ ሲጣሉ ዳኛቸው እኔ ነበርኩ። አባቴ ‹ልክ አይደለሁም?› ይለኛል፤ ልክ ነህ እለዋለሁ። እናቴ ‹እኔስ?› ትለኛለች፤ ልክ ነሽ እላታለሁ። ከዚያ ምሳ ይቀርባል።» ቱቦውን ወደ መስኮቱ ብርሃን ከፍ አድርገው አዩት። «እስካሁን ከዚህ የተሻለ ዘዴ አላገኘሁም።»

ባለቤታቸው ግን በዘዴው ተማረዋል። ልብስ ሰፊ ናቸው፤ ደንበኞቻቸው «እትዬ መቀስ» እንላቸዋለን፣ ለሥራቸውም ለአንደበታቸውም። «ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከገደል ማሚቶ ጋር ነው የኖርኩት» ይሉ ነበር። «መጋረጃው አረንጓዴ ይሁን ስለው ልክ ነሽ፣ ሰማያዊ ይሁን ስለው ልክ ነሽ። አንድ ቀን እንኳ ‹አንቺ ሴትዮ አበድሽ?› ቢለኝ ምናለ!»

እንግዲህ እኚህን ሰው ነው የክርክር ውድድር አዘጋጅ ያደረግናቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዳይሬክተራችን ሥልጠና ሄዶ በተመለሰ ቁጥር አንድ አዲስ ነገር ይዞ ይመጣል። ከዚያ በፊት ይዞት የመጣው የአስተያየት መስጫ ሣጥን ነበር፤ ሣጥኑ ከተሰቀለ በኋላ ቁልፉ ጠፍቶ እስከ ዛሬ አስተያየታችን ሳይነበብ በሰላም ተቀምጧል። በዚህኛው ዙር ይዞ የመጣው «የክርክር ባህል» ነው። መምህራንን ሰብስቦ በአካባቢው ያሉ ዐሥራ ሁለት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ተጠርተው በእኛ ግቢ እንዲከራከሩ መወሰኑን ነገረን።

«ለጀማሪና ለመካከለኛ ተከራካሪዎች ብቻ ነው» አለ። «የበሰሉት የራሳቸው ውድድር አላቸው። ይኼኛው ገና አፋቸውን ለሚፈቱት ነው። ዋናው ዓላማ ልጆቻችን ያለ ፍርሃት ሐሳባቸውን እንዲገልጹ ነው። በዚህ ላይ የተለየ ሐሳብ ያለው?»

የተለየ ሐሳብ የያዘ ሁሉ ፈርቶ ዝም አለ።

«ጥሩ። አዘጋጅ የሚሆን ማነው?»

ሠላሳ መምህራን በአንድ ጊዜ ጫማችንን መመርመር ጀመርን። ጋሽ ልክነህ በዚያች ደቂቃ የላቦራቶሪው ቧንቧ ክፍት መቅረቱ ትዝ ብሏቸው ሊዘጉ ወጥተው ነበር። «ጋሽ ልክነህስ?» አለ ከኋላ አንድ ድምፅ። አዳራሹ እጁን አወጣ። እሳቸው እጃቸውን በመሐረብ እየጠረጉ ሲመለሱ ሁሉም ቆሞ ሲያጨበጭብ አገኙት።

«ምን ተገኘ?» አሉ።

ነገርናቸው። ለትንሽ ጊዜ መሐረቡን አጠፉ፣ ዘረጉ፣ አጠፉ። «እንግዲህ... ልክ ናችሁ» አሉ። እኔም ጫማዬን አብዝቼ ስመለከት ስለተገኘሁ ሰዓት ያዥ ተደረግሁ።

ጋሽ ልክነህ ሥራ ሲይዙ በላቦራቶሪ ደንብ ነው የሚይዙት። በእሳቸው ክፍል ስም ያልተለጠፈበት ጠርሙስ አይነካም። ስለዚህ አንድ ወፍራም ደብተር አምጥተው ገጹን በማስመሪያ ለሁለት ከፈሉት። ከግራ «ጀማሪ፦ ተወዳድሮ የማያውቅ» ብለው ጻፉ፣ ከቀኝ «መካከለኛ፦ ከአንድ እስከ ሦስት ጊዜ የተወዳደረ»። ከዚህ የበለጠ ግልጽ ነገር የለም። ከዚያ ስልክ መደወል ጀመሩ።

መጀመሪያ የደወሉት ባለፈው ዓመት ሌላ ቦታ በተደረገ ክርክር ዋንጫ ለወሰደው ትምህርት ቤት ነበር። አሠልጣኙ የታሪክ መምህር ነው፤ ጉሮሮውን ሳይጠርግ «ሃሎ» እንኳ የማይል ሰው።

«የኛዎቹ ጀማሪ ናቸው» አለ።

«ዋንጫ የወሰዱት ልጆች አይደሉም እንዴ?»

«ናቸው። ግን ጋሼ፣ መሀል ላይ ረጅም እረፍት ነበር። ልጅ በእረፍት ጊዜ ምን እንደሚሆን ያውቁ የለ? ሁሉን ረስተው ነው የመጡት። እኔም እንደ አዲስ ከ‹ሀ› ነው የጀመርኩት።»

እኔ አጠገባቸው ነበርኩ። እስክሪብቶው ከቀኝ ወደ ግራ ሲንከራተት አየሁት። «ልክ ነህ» አሉ ጋሽ ልክነህ፤ በግራ ጻፉት።

ሌሎቹም ያው ናቸው። አንዷ አሠልጣኝ ልጆቿ ሁለት ጊዜ ተወዳድረው ሁለቱንም ጊዜ ስለተሸነፉ አይቆጠርም አለች። ሌላው ደግሞ ልጁ መድረክ ላይ መውጣቱን አልካደም፤ «ግን በዕለቱ ማይክራፎኑ ተበላሽቶ ስለነበር ተናግሯል ማለት አይቻልም» አለ። ልክ ነሽ፣ ልክ ነህ። በሳምንቱ መጨረሻ ሃያ አራት ቡድን ተመዘገበ፤ ከግራ ሃያ ሦስት፣ ከቀኝ አንድ።

ያ አንድ ቡድን ከራሳችን ትምህርት ቤት የአንዲት ልጅ ቡድን ነው። የልጅቷ አባት ሥራ ተቋራጭ ነው፤ ለውድድሩ ድምፅ ማጉያ አውሶናል፤ ስለዚህ የመኪናውን ሞተር ሳያጠፋ ልጁን አስከትሎ ላቦራቶሪ ገባ።

«የእኔ ልጅ ጀማሪ ተብላ ተጻፈች አሉኝ። ይቺ ልጅ በስምንት ወሯ ነው አፏን የፈታችው! በኛ ቤት እሷ እያለች ማንም ሰው ወሬውን አይጨርስም። መካከለኛ ትባልልኝ።»

«አባዬ፣ እኔ እኮ ተወዳድሬ...»

«አንቺ ዝም በይ! ስለ ንግግር ችሎታሽ እየተናገርኩ ነው።»

ጋሽ ልክነህ አባትየውን ልክ ነህ አሉት፣ ልጅቷንም ልክ ነሽ አሏት፣ ከዚያም ስሟን ከግራ ሰርዘው በቀኝ ጻፉ። በዚህም የተነሣ በመካከለኛው ምድብ አንድ ቡድን ገና ውድድሩ ሳይጀመር ለፍጻሜ አለፈ፤ ከማን ጋር እንደሚጋጠም ግን የሚያውቅ አልነበረም።

የመከራከሪያውን ርዕስ ለመምረጥ አምስት ሰዎች ተሰበሰብን፤ ዳይሬክተሩ፣ የስፖርት መምህሩ፣ የሒሳብ መምህሩ፣ ጋሽ ልክነህና እኔ። የመጀመሪያው ሐሳብ «ተማሪዎች ዩኒፎርም መልበስ የለባቸውም» የሚል ነበር። ዳይሬክተሩ የዩኒፎርሙን ቀለም የመረጠው ራሱ መሆኑን አስታወሰን፤ ተሰረዘ። «የቤት ሥራ ይቅር» የሚለው የሒሳብ መምህሩን አስከፋው፤ «ይኼ እኔን በስም መጥራት ነው» አለ። «ስልክ ትኩረት ይበትናል» የሚለውን የስፖርት መምህሩ እስኪሰማው ድረስ ሦስቴ ደገምንለት፤ ስልኩን እያየ ነበር። «ተማሪ መጠየቅ አለበት ወይስ ማዳመጥ?» ብዬ እኔ አቀረብኩ። ዳይሬክተሩ አሰበና፣ «‹መጠየቅ› የምትለዋ ትውጣ» አለ። ቀጥሎም «እንደውም ማዳመጥም ትውጣ፤ ነገር ትጭራለች» አለ።

ከሁለት ሰዓት በኋላ ማንንም የማያስቀይም ርዕስ ተገኘ፤ «ዛፍ ለሰው ልጅ ይጠቅማል።»

«ተቃዋሚው ወገን ምን ሊል ነው?» ብዬ ጠየቅሁ።

«እሱ የተማሪዎቹ ሥራ ነው» አለ ዳይሬክተሩ። «ሁሉን እኛ ልንሠራላቸው አንችልም።»

«ለመካከለኛዎቹስ?» አለ የሒሳብ መምህሩ። «እነሱ ላይ ከበድ ማለት የለበትም?»

ይኼ ተገቢ ጥያቄ ስለነበር በድምፅ ብልጫ ለመካከለኛዎቹ «ዛፍ ለሰው ልጅ እጅግ ይጠቅማል» የሚል ርዕስ ጸደቀ።

በማግሥቱ እሑድ ነበር። ቀሚሴን ልለካ እትዬ መቀስ ጋ ሄድኩ። በረንዳቸው ላይ፣ ከትልቁ ዛፍ ጥላ ሥር፣ የስፌት መኪናቸውን አውጥተው ለተከራካሪዎቹ ደረት ላይ የሚለጠፍ ቁጥር ይሰፋሉ። ጋሽ ልክነህ አጠገባቸው ተቀምጠው ክር ይቆርጣሉ። ርዕሱን ሲነግሯቸው እትዬ መቀስ መኪናውን አቆሙ።

«ታዲያ ተቃዋሚው ምን ይበል?»

«ልክ ነሽ።»

«ጥያቄ እኮ ነው የጠየቅሁህ! ለጥያቄ ልክ ነሽ አይባልም።» በከንፈራቸው የያዟቸውን መርፌዎች አንድ በአንድ አውጥተው ትራሱ ላይ ሰኩ። «በል፣ አንተ ደጋፊ ሁን፣ እኔ ተቃዋሚ። ጀምር።»

ጋሽ ልክነህ እንደማልረዳቸው እያወቁ ዞር ብለው አዩኝ። «ዛፍ... ጥላ ይሰጣል» አሉ።

«ቅጠሉስ? አሸንዳውን የሚዘጋው ማነው? ባለፈው ሳምንት መሰላል ላይ ወጥቶ ሲጠርግ ጀርባው የተያዘውስ?»

«እኔ።»

«ስለዚህ?»

«ልክ ነ...»

«እንዳትላት!» እትዬ መቀስ ጣታቸውን ቀሰሩ።

ጋሽ ልክነህ በእጃቸው ያለውን ክር ጣታቸው ላይ ጠመጠሙ፣ ፈቱ። ከዚያ እግራቸውን እያዩ፣ እንደሚናዘዝ ሰው በቀስታ፣ «ጥላው ባይኖር ግን ይኼን መኪና በረንዳ አታወጭውም ነበር። ጓዳ ውስጥ ትሰፊ በነበረ ጊዜ ዓይንሽን እያመመሽ ታለቅሺ ነበር። አሸንዳውን እኔ እጠርጋለሁ። ዛፉ ይቆይ» አሉ።

እትዬ መቀስ ወንበራቸውን ወደ እሳቸው አዞሩ። «ምን አልክ?»

«አይ፣ እንዲያው...»

«እስቲ ድገመው! ከ‹ዛፉ ይቆይ› ድገመው!»

ደገሙት። ሴትዮዋ ሳቁም አለቀሱም፤ የቱ እንደሚበዛ መለየት አልቻልኩም። ከዚያ እስከ ምሳ ሰዓት ስለ ዛፍ፣ ስለ አሸንዳ፣ ስለ መጋረጃው ቀለም ሲከራከሩ ዋሉ። የኔ ቀሚስ ጠርዝ በዚያን ቀን ነው የተሰፋው፤ እስከ ዛሬ አንድ ወገኑ በሁለት ጣት ይረዝማል።

ውድድሩ ቅዳሜ ሦስት ሰዓት ላይ ይጀምራል ተባለ። የክብር እንግዳው፣ ከትምህርት ቢሮ የተላኩ ትልቅ ሰው፣ ለአምስት ሩብ ጉዳይ ሲሆን ደረሱ። ንግግራቸው ስለ ሰዓት አከባበር ነበር። በውድድሩ ደንብ አንድ ተናጋሪ የሚሰጠው ሰባት ደቂቃ ነው፤ ሰባተኛው ላይ ሰዓት ያዡ ደወል ይመታል። እንግዳው ሰባተኛ ደቂቃቸውን ሲጨርሱ እጄ ሥራውን ሊሠራ ደወሉን አነሣ፤ ዳይሬክተሩ እጄን አየር ላይ ያዘው። ሃምሳ ደቂቃ ከተናገሩ በኋላ «ጊዜ ስለሌለን» ብለው ተቀመጡ።

ከዚያ በአራት ክፍሎች ክርክር ተጀመረ። ጥቁር ሰሌዳው ላይ በትልቁ «ዛፍ» ተጽፏል፤ ወንበሮቹ በሁለት ወገን ፊት ለፊት ተደርድረዋል። ዳኞቹ የራሳችን መምህራን ናቸው። የሒሳብ መምህሩ ነጥብ የሚሰጠው እስከ ሦስተኛ አስርዮሽ ነበር፤ አንዷን ልጅ በ0.004 አሸናፊ አደረጋት። የስፖርት መምህሩ ፊሽካውን ይዞ ገብቶ ነበር፤ ከጠረጴዛው መስመር ያለፈ ተናጋሪ ላይ እየነፋ ቢጫ ካርድ አሳየ።

እኔ የነበርኩበት ክፍል ውስጥ የዋንጫው ባለቤቶች ከአንድ ትንሽ ትምህርት ቤት ከመጡ ሁለት ልጆች ጋር ተጋጠሙ። የባለ ዋንጫዎቹ መሪ ጢሙን በዚያው ጠዋት የተላጨ ጎረምሳ ነው። «ክቡራን ዳኞች፣ የተከበራችሁ ተቃራኒዎቻችን» ብሎ ጀመረ፤ ማስታወሻ አላየም፣ አልተንተባተበም፣ በትክክል ስድስት ደቂቃ ከሃምሳ ስምንት ሰከንድ ላይ ጨረሰ። ይህ ሁሉን የረሳው ልጅ ነው። ከዚያ ከትንሹ ትምህርት ቤት አንዲት ልጅ ተነሣች። ወረቀቷን ዘረጋች። «ዛፍ» አለች። ቆየችና «ዛፍ...» አለች። ከዚያ ተቃዋሚ መሆኗን ረስታ «ዛፍ ጥሩ ነው» ብላ ተቀመጠችና ፊቷን በእጇ ሸፍና አለቀሰች። አሠልጣኙ፣ ያ የታሪክ መምህር፣ ጉሮሮውን ጠርጎ አጨበጨበ።

ጋሽ ልክነህ ደብተራቸውን ታቅፈው በር ላይ ቆመዋል። ሁሉን አይተዋል። ገቡና አሠልጣኙን በክንዱ ይዘው ወደ ኮሪደሩ አወጡት፤ እኔም ተከተልኩ።

«እነዚህ ልጆች ጀማሪ አይደሉም» አሉት።

«ጋሼ፣ ጨርሰን የለም እንዴ? በስልክ ‹ልክ ነህ› ብለውኛል።»

«ብያለሁ። ልክ አልነበርክም።» ደብተሩን ገለጡ። «እኔም ልክ አልነበርኩም።»

አሠልጣኙ የተሳሳተ ሰው ያናገረ መስሎት ዙሪያውን አየ። ጋሽ ልክነህ ማስመሪያቸውን ከኪሳቸው አውጥተው፣ ደብተሩን ግድግዳ ላይ አስደግፈው፣ የቡድኑን ስም ከግራ ሰርዘው በቀኝ ጻፉ። መስመሩ ቀጥ ብሎ ወጣ።

«መካከለኛው ምድብ ላይ አንድ ቡድን ተጋጣሚ አጥቶ ተቀምጧል። ሂዱ፣ እዚያ ይጠብቋችኋል።»

ወሬው ከእረፍቱ ሻይ ቀድሞ ግቢውን ዞረ። ከሩብ ሰዓት በኋላ ሁለተኛ አሠልጣኝ መጣ፤ «ጋሼ፣ የኛዎቹም ትዝ እያላቸው ነው መሰለኝ» አለ። ማይክራፎን የተበላሸበት ልጅም ድንገት የተናገረ ሆኖ ተገኘ። ምሳ ሰዓት ላይ መካከለኛው ምድብ ስድስት ቡድን ሞላ፤ ሰሌዳው ላይ አዲስ ድልድል ጻፍን። ያለቀሰችዋ ልጅ ከሌላ ጀማሪ ጋር እንደገና ተጋጥማ ሦስት ደቂቃ ሙሉ ተናገረች፤ ተሸነፈች፣ ግን እየሳቀች ወጣች።

ሥራ ተቋራጩ ግን ድልድሉን አይቶ እየተጣደፈ መጣ። ልጁ ከባለ ዋንጫዎቹ ጋር ደርሷታል። «ይኼማ ግፍ ነው!» አለ። «ልጄ ተወዳድራ አታውቅም። ጀማሪ ናት! ወደ ጀማሪ ትመለስ።»

«አንተን አልጠይቅህም» አሉት ጋሽ ልክነህ፤ ይህን ሲናገሩ ከእሱ ይልቅ እሳቸው ደነገጡ። ወደ ልጅቷ ዞሩ። «አንቺስ ምን ትያለሽ?»

ልጅቷ አባቷን አየች፣ ድልድሉን አየች። «ተዉኝ፣ እዚሁ ልሞክር» አለች። ሞከረች፤ በአራት ነጥብ ተሸነፈች። አባትየው የቅሬታ ማመልከቻ የት እንደሚገባ ሲጠይቅ፣ «አባዬ፣ ልጁ በለጠኝ» አለችው። ወሬውን ሳታቋርጥ ያስጨረሰችው ሰው ያ ጎረምሳ የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም።

ከሰዓት በኋላ የጀማሪዎቹ ግማሽ ፍጻሜ በትልቁ ክፍል ተደረገ። ዳይሬክተሩና የክብር እንግዳው ከፊት ተቀምጠዋል። ከኛ ትምህርት ቤት የቀረበችው ልጅ «ትንፋሽ» ትባላለች፤ ስትናገር ከድምፅ ይልቅ ትንፋሽ ስለሚሰማ ጓደኞቿ ያወጡላት ስም ነው። ዕጣዋ ተቃዋሚ ነው። ተነሥታ ቆመች፣ ክፍሉ ለመስማት ወደፊት አዘነበለ።

«እኔ ዛፍ አልጠላም» አለች። «ግን እዚህ ርዕስ ላይ የተጻፈውን ዛፍ አይቼው አላውቅም። እኔ የማውቀው ችግኝ ነው። እዚህ ትምህርት ቤት ከገባሁ ጀምሮ ሦስት ጊዜ ችግኝ ተክያለሁ። ሦስቱንም አንድ ጉድጓድ ውስጥ ነው፤ ባንዲራ መስቀያው አጠገብ ያለው። እንተክላለን፣ ፎቶ እንነሣለን፣ እንበተናለን። ውሃ የሚያጠጣ የለም። ይደርቃል። በዓመቱ ጉድጓዱ ተዘጋጅቶ ይጠብቀናል። ስለዚህ እስካሁን ባለው ማስረጃ ለሰው ልጅ የጠቀመው ዛፉ አይደለም፤ ፎቶው ነው። ፎቶው ቢሮ ተሰቅሏል፤ ዛፉ የለም።»

ክፍሉ በሳቅና በጭብጨባ ፈነዳ። ደወሌን ብመታም የሰማኝ አልነበረም። ዳኞቹ ተነጋገሩና አሸናፊነቱን ለእሷ ሰጡ።

ዳይሬክተሩ ጋሽ ልክነህንና እኔን በዓይኑ ጠርቶ ኮሪደሩ ላይ አገኘን። ፊቱ ቲማቲም መስሏል።

«ከርዕስ ወጥታለች» አለ። «ነጥቧ ተቀንሶ ሌላኛው ቡድን ይለፍ።»

«ዳኞቹ ሰጥተዋል» አሉ ጋሽ ልክነህ።

«ዳኞቹን እኔ አናግራለሁ፣ እርስዎ ወረቀቱን ብቻ ያስተካክሉ። ጋሼ፣ በእንግዳ ፊት አዋረደችን እኮ! ልክ አይደለሁም?»

ሃያ ስድስት ዓመት የሰማሁት መልስ ሲመጣ ጠበቅሁ። ጋሽ ልክነህ የውጤት መስጫ ወረቀቱን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱ።

«አይደለህም» አሉ። «ጉድጓዱን የቆፈርኩት እኔ ነኝ። ሦስቱንም ጊዜ።»

ዳይሬክተሩ ከእግር እስከ ራሳቸው አያቸው። «ዛሬ አሞዎታል እንዴ?»

«ደህና ነኝ። እንደውም ዛሬ ደህና ነኝ።»

በዚህ መሀል የክብር እንግዳው ከክፍሉ ወጡ። ዳይሬክተሩ ይቅርታ ሊጠይቅ ሁለት እጁን አጣምሮ ቀረበ። እንግዳው ግን ከምሳ በኋላ እንቅልፍ ይዟቸው ኖሮ የነቁት በጭብጨባው ነው። «ግሩም ልጅ ናት!» አሉ ትከሻውን እየነኩት። «ስለ ዛፍ እንዲህ የተናገረ አልሰማሁም። በዚህ ዓመትም ካሜራ ይዘን መጥተን ከልጆቹ ጋር እንተክላለን። ጉድጓዱ ይዘጋጅ።»

ትንፋሽ ለፍጻሜ ደረሰች፤ እዚያ ግን ዕጣው ደጋፊ አደረጋት። ያን ሁሉ የተናገረችበትን ዛፍ ይጠቅማል ብላ መከራከር ነበረባት። ያላትን ሁሉ በአራት ደቂቃ ጨርሳ፣ ሦስት ደቂቃ ሳትነካ ተቀመጠች፤ ዋንጫው ለሌላ ሄደ። ከመድረክ ስትወርድ ጋሽ ልክነህ ምን እንዳሏት ጠየቅኋት። «‹ስለ ጥላው አላነሣሽም› አሉኝ» አለች። ገርሟት ነበር፤ ሌላው ሰው ሁሉ ጎበዝ ብሏት አልፏል።

ዳይሬክተሩ ለበላይ የጻፈውን ሪፖርት በኋላ አየሁት። «በትምህርት ቤታችን አመራር የተዘጋጀው የክርክር ውድድር ያለ ምንም የሐሳብ ልዩነት በሙሉ ስምምነት ተጠናቋል» ይላል። የሚቀጥለው ዓመት ውድድር ለዘጠኝ ሰው ኮሚቴ ተሰጥቷል፤ ኮሚቴው ሰብሳቢ ለመምረጥ ሊሰበሰብ ነው ሲባል ወራት አለፉ። ጋሽ ልክነህ «ለአገልግሎትዎ እያመሰገንን» የሚል ደብዳቤ ደርሷቸው ከአዘጋጅነት ተነሡ። ብዙም አልከፋቸውም። እኔ ግን ተናድጄ ላቦራቶሪ ስገባ ከኬሚስትሪው መምህር ጋር እየተጨቃጨቁ አገኘኋቸው፤ አሲዱ ታች ይቀመጥ፣ ልጆች አሉ፣ ከራስ በላይ አይሰቀልም እያሉ ነበር። ያ ጠርሙስ ከዚያ ቀን ወዲህ አልተንቀሳቀሰም።

በሳምንቱ ትንፋሽና የተቋራጩ ልጅ ተያይዘው መጡ። ቅዳሜ ቅዳሜ መለማመጃ ክፍል ይፈልጋሉ። ከሁለቱ ጋር ሌሎች ዘጠኝ ልጆች በሩ ላይ ቆመዋል። ጋሽ ልክነህ ጠርሙሶቹን በሙሉ ቁም ሣጥን ውስጥ ቆልፈው ጠረጴዛዎቹን ፊት ለፊት አዞሩላቸው።

የመጀመሪያው ቅዳሜ እኔም ደወሌን ይዤ ሄድኩ። አልሠራሁበትም። ልጆቹ በምን ርዕስ እንደሚከራከሩ መስማማት አቅቷቸው እስከ ስድስት ሰዓት ድረስ በእሱ ተከራከሩ። ጋሽ ልክነህ መሀል እየገቡ «ይኼ አይሆንም፣ ምክንያትሽን አልሰማሁም» ይላሉ። በመጨረሻ ዘበኛው ቁልፉን እያንቃጨለ መጥቶ፣ «በሉ ልጆች፣ ሰዓቱ ደርሷል» አለ።

«ደርሷል ሲሉ ምን ማለትዎ ነው?» አለችው የተቋራጩ ልጅ። «የማን ሰዓት?»

ዘበኛው ሊመልስላት አፉን ከፈተ፤ ትንሽ አሰበና ወንበር ስቦ ተቀመጠ።